ዜብራ ሙሰል የኢሪን ሐይቅ «አጽድቶታል»? (ክርክር)

ባለታንኳው፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈውን አነበባችሁ? «የኢሪን ሐይቅ ያጸዳው መንግሥት ሳይሆን ዜብራ ሙሰል ነው» ይላል፤ ያቺ ከውጭ የገባች ባለቅርፊት ትንሽ የውሃ እንስሳ። እስኪ ዓመቱን እንይ። አሜሪካና ካናዳ አልጌ የሚያበዛውን ፎስፈረስ ለመቀነስ የተፈራረሙት በ1972 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ሙሰሉ እዚያው ጎረቤት ሴንት ክሌር ሐይቅ የተገኘው በ1988። ሐይቁ ማገገም የጀመረው በመሃሉ ነው። ሥራ ላይ ላልነበረ ሰው ደመወዝ ቁረጡለት እያላችሁን ነው።

የክሊቭላንዱ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልሽረውም። ጥፍር የምታህል አንዲት ሙሰል በቀን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ታጣራለች። ምዕራባዊው ክፍል ከ1988 በኋላ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠርቶ ብርሃን ወለሉ ደረሰ። አዎ፣ አጽድተውታል!

ጽጌ ባዮ፦ «አጽድተውታል» 😂 ወንድሜ፣ ሙሰል ያጣራውን ሁሉ ይበላል ያለህ ማነው? ውሃው በአንዱ ቀዳዳ ይገባል፣ ስንጥቡ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ይስቡታል፣ አፏ አጠገብ ያሉት ከንፈር መሳዮች ይለዩታል። ያልፈለገችውን ሳትውጥ በልጋግ ጠቅልላ ትተፋዋለች። ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ አልጌ መሳይ ባክቴሪያ፣ በተለይ ተጓጉሎ ትልቅ የሆነውን፣ ብዙ ጊዜ በሕይወቱ ነው የምትተፋው። ተፎካካሪው አልጌ ተበልቶ መርዘኛው ይተርፋል ማለት ነው። በዚሁ መርዝ የተነሳ በኦገስት 2014 ሐይቁ ዳር ባለችው ቶሌዶ ከተማ ከ400 ሺህ በላይ ሰው የቧንቧ ውሃ አትጠጡ ተባለ። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ይተናል፣ መርዙ ይቀራል።

የክሊቭላንዱ፦ ቶሌዶንም በሙሰል! የሞሚ ወንዝ ከእርሻው አጥቦ የሚያመጣው ማዳበሪያስ?

ጽጌ ባዮ፦ ዋናው እሱ ነው፣ ማን ካደ? «አጽድተውታል» ያልከው ግን አንተ ነህ። ከጸዳ ያ ሁሉ አረንጓዴ ከየት መጣ?

ዓሣ ወዳድ፦ ሁለታችሁም ዓሣውን ዘለላችሁት። ጎቢ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ሙሰሉን ይበላል፣ ባስ የሚባለው ትልቁ ዓሣ ጎቢውን ይበላል። ባሱ ሰብቷል፣ ጨዋታው አለቀ።

ባለታንኳው፦ አላለቀም ጌታው። ውሃው ሲጠራ ወለሉ ላይ ክላዶፎራ የሚባል አልጌ ይበቅላል፤ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ እዚያ ቦቱሊዝም ለሚባለው ገዳይ መመረዝ መንስኤ የሆነው ባክቴሪያ ይመቸዋል። መርዙ በጎቢ በኩል ወደ ወፎች እንደሚሻገር ይታመናል። ዳርቻው ላይ የሚረግፉትን ሉን የሚባሉ የውሃ ወፎችም ከባሱ ጋር ቁጠራቸው።

ጽጌ ባዮ፦ የአገሩን ሙሰልም ማንም አላነሳ። ላምፕሲሊስ የሚባለውን የአገር ሙሰል ብታዩ፣ እናቲቱ ከቅርፊቷ ጠርዝ የምታወጣው ሥጋ ዓይንና ክንፍ ያለው ትንሽ ዓሣ ይመስላል፣ እንደ ዓሣም ይንቀጠቀጣል። ባስ መጥቶ ሲነክሰው እጮቿን አፉ ውስጥ ትረጫለች፤ ስንጥቡ ላይ ተጣብቀው ሳምንታት ቆይተው ይወድቃሉ። ዓሣው ከሌለ ልጅ የለም። የዜብራው እጭ ግን ማንንም ሳይፈልግ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲያድግ በክሩ የእሷ ቅርፊት ላይ ይለጠፋል። በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ሲሰፍሩባት መክፈትም መዝጋትም ያቅታትና በረሃብ ትሞታለች። በ2023 አሜሪካ ጠፍተዋል ብላ ከመዝገብ ከሰረዘቻቸው 21 ዝርያዎች 8ቱ ሙሰሎች ናቸው።

የክሊቭላንዱ፦ ያዝኩሽ! እነዚያ 8ቱ በአብዛኛው የደቡብ ወንዞች ናቸው። የፈጃቸው ግድብና ብክለት እንጂ ዜብራ አይደለም።

ጽጌ ባዮ፦ ዜብራ ፈጃቸው አላልኩም፣ መልሰህ አንብብ። ግድቡ ዓሣውን አገደ፣ እጩ ተሸካሚ አጣ። ኢሪና ሴንት ክሌር ላይ ግን የአገሩን ሙሰል ከሞላ ጎደል የጨረሰው ያንተው «አጽጂ» ነው።

ዓሣ ወዳድ፦ እሺ እሺ። ሙሰሉን ወደ ሌላ ሐይቅ ላለመውሰድ ጀልባን በበረኪና ማጠብ ይበቃል?

ባለታንኳው፦ በረኪናውን ተወው፣ አዋቂው ቅርፊቱን ዘግቶ ይጠብቅሃል። መጀመሪያ ሣሩንና ጭቃውን ልቀም፤ ከዚያ የወለሉን፣ የሞተሩንና የዓሣ መያዣውን ውሃ እዚያው ሐይቁ ዳር አፍስስ፣ እጩ በዓይን አይታይም። 60 ዲግሪ የሚሆን ሙቅ ውሃ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቢያንስ 10 ሰከንድ ርጭ። ሰው የሚሳሳተው ከቧንቧው 60 የወጣው ብረቱ ላይ ሲደርስ መቀዝቀዙን ረስቶ ነው። ሙቅ ውሃ ከሌለህ ቢያንስ 5 ቀን ይድረቅ፤ በቅዝቃዜና በእርጥበት ጊዜ ግን 5 ቀን አይበቃም።

የክሊቭላንዱ፦ አምስት ቀን! ለአንዲት ጥፍር ለምታህል ነገር ሰንበቱን ሁሉ ቤት ልንውል ነው።

ጽጌ ባዮ፦ በ2021 ለአኳሪየም የሚሸጡ የሞስ ኳሶች (ድቡልቡል አልጌዎች) ውስጥ ተደብቃ በብዙ ስቴቶች ሱቆች የተገኘችው ያቺው ጥፍር የምታህለው ናት።

የክሊቭላንዱ፦ አኳሪየሙንም አጽድታው ይሆናላ 😏

ጽጌ ባዮ፦ በል የቤትህን የውሃ ማጣሪያ ሽጥና ሙሰል ግዛ።