ከአሜሪካ የተላከልኝን መጋዝ እንዴት ልጠቀም?

የኮልፌው (ጠያቂ)
ሰላም ቤቶች። ወንድሜ ከአሜሪካ ሪሲፕሮኬቲንግ ሶው ላከልኝ። ረጅም አፍንጫ ያለው፣ ምላጩ ከፊት ወጥቶ ወደፊት ወደኋላ የሚል መጋዝ ነው። እነሱ ሶዞል ይሉታል። የባትሪ አይደለም፣ በገመድ ነው የሚሠራው። የወላጆቼን የጭቃ ቤት ጓዳ ላፈርስበት ነው። ምስማር የሞላበት ሞራሌ አለ፣ ግድግዳው ውስጥ ደግሞ የዛገ የውሃ ቧንቧ አለ። ከእጅ መጋዝና ከግራይንደር ሌላ ይዤ አላውቅም። ምን ልጠንቀቅ?

መስመር ዘርጊ
እንኳን ሳትሰካው ጠየቅክ! ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እይ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። አዳፕተር የሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ስንቱ ከውጭ የመጣ ጁስ መፍጫ በዚህ አልቋል መሰለህ! ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። 12 አምፒር ከሆነ፣ በ120 ስታባዛው 1440 ዋት ነው። ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባል። ስለዚህ 1500 የሚለውን ተወው፣ 3000 ፈልግ።

ሌላው፣ የጭቃ ቤት ሽቦ በልስኑ ስር በየት እንደሚያልፍ የዘረጋው ብቻ ነው የሚያውቀው። የጓዳውን መስመር አጥፋና በቴስተር አረጋግጥ። ለመጋዙ ከዋናው ቤት ገመድ ሳብ።

ሜሪላንድ ያለሁ
እዚህ የቤት እድሳት ላይ ስሠራ በየቀኑ የምይዘው እሱን ነው። የመጀመሪያ ቀን ቧንቧ ልቆርጥ ስል እኔን ራሴን አንቀጠቀጠኝ። ለካ ምላጩ ሥር ያለውን የብረት መደገፊያ ከቧንቧው አርቄ ይዤዋለሁ። መደገፊያው የምትቆርጠው ነገር ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ክፍተት ካለ ምላጩ ዕቃውን ይዞ ይንጠዋል፣ ክንድህንም አብሮ።

ሁለተኛው ጥፋቴ አጭር ምላጭ ነበር። ጫፉ እንጨቱን አልፎ መውጣት አለበት፣ ወደኋላ ሲመለስም ጭምር። እንጨቱ ውስጥ ከቀረ ወይም ከጀርባ ድንጋይ ከመታ ይታጠፋል፣ ማሽኑም ወዳንተ ይገፋል። በሁለት እጅ ያዘው። መሰላል ላይ ቆመህማ አትሞክረው።

ምስማር ላለበት እንጨት በኢንች 6 ጥርስ ገደማ ያለው፣ ለእንጨትና ምስማር የሚል ምላጭ ግዛ። ለቧንቧው 14 ወይም 18።

ብረት ቆራጩ
ለቧንቧው ፍጥነቱን ቀንስ፣ ዘይት ጠብ አድርግበት። ውሃውን ከቆጣሪው ዝጋና የቀረውን አፍስስ። ምላጩን ስትቀይር ገመዱን ንቀል። ደግሞ ቆርጠህ እንደጨረስክ እንዳትነካው፣ እንደ ምጣድ ነው የሚፋጀው። ጣቴ ምስክር ነው። መነጽርና ጓንት መቼም አይረሳም።

ዲጂኖ ይበቃል
ለአንዲት ጓዳ ይሄ ሁሉ? እኛ በዲጂኖና በመዶሻ ስንት ቤት አፍርሰናል።

ሜሪላንድ ያለሁ
@ዲጂኖ ይበቃል፣ አባቴ፣ ግድግዳውን በዲጂኖ ያፍርስ፣ አልቃወምም። ግን ሞራሌውን ሳይሰብር አውጥቶ መልሶ ሊጠቀምበት ከፈለገ፣ ምላጩን በመገጣጠሚያው መሃል አስገብቶ ምስማሩን የሚቆርጥለት ይሄ ነው።

ጠያቂው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቆርቆሮው ሳይወርድ ምንም እንጨት እንዳትቆርጥ። የትኛው ጣሪያውን እንደተሸከመ ከታች ሆነህ አታውቅም። ተንጠልጥሎ የሚቀረውን ጫፍ ደግሞ ሰው ይያዝልህ። ካልሆነ ወደ ታች ሲወርድ ምላጩን ይነክሰዋል።

የኮልፌው (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። አየሁት፣ 120 ቮልት፣ 12 አምፒር ይላል። አዳፕተሩን ትናንት ገዝቼ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው 😅 ቅዳሜ ቆርቆሮውን እናወርዳለን፣ ትራንስፎርመሩን እስክገዛ መጋዙ ካርቶኑ ውስጥ ይቆያል። የሚያከራይ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።