ጎመን ዘር ለአውሮፕላን ነዳጅ፦ ገንዘባችንን እናስገባ ወይስ እንቆይ?

ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። እኔና ወንድሞቼ የቤተሰብ ቤት ሸጠን የያዝነው ገንዘብ አለ። ታናሼ ጎመን ዘር ከገበሬ ሰብስበን፣ ዘይቱን ጨምቀን ለአውሮፕላን ነዳጅ አምራቾች እናቅርብ ባይ ነው።

ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም። እናቴ ምጣድ የምታሰስበት ይኸው ጎመን ዘር ነው፤ ፍሬው ሲደቅ ቅባቱ ጣት ላይ ይቀራል። በ2018 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው አየር መንገድ ካንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልበርን የበረረው ከሱ የተሠራ ነዳጅ 10 በመቶ ተቀላቅሎ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም አውሮፕላን ነዳጅ ላይ በ2025 እ.ኤ.አ. 2 በመቶ፣ በ2030 እ.ኤ.አ. ደግሞ 6 በመቶ ታዳሽ ነዳጅ እንዲቀላቀል አስገድዷል።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። የተጨመቀ ዘይት ገና ነዳጅ አይደለም። በሃይድሮጂን ታክሞ መጣራት አለበት፤ አገራችን ውስጥ ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያ የለም። በቦቴ ጅቡቲ ድረስ ስናወርደው ትርፉ መንገድ ላይ እንዳያልቅ እሰጋለሁ። ከዚህም የሚብሰው፣ ከምግብ ሰብል የተሠራ ነዳጅ አውሮፓ ውስጥ ለዚያ ግዴታ አይቆጠርም። በሁለት ሰብል መሀል፣ መሬቱ ጦሙን በሚያድርበት ጊዜ የተዘራ ግን ሊያልፍ ይችላል። ታዲያ እዚሁ አቅራቢያችን ባለው ቆጋ መስኖ ላይ፣ ስንዴ በሚዘራበት ማሳ ብናመርተው ተቀባይነት ያገኛል? ለትንንሽ ገበሬዎች ማሳ በአንድ ላይ የምስክር ወረቀት ማውጣት ይቻላል?

አንድ ደላላ ደግሞ «ገዢ አለኝ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» እያለ ወጥሮ ይዞናል። ታናሼ ሊከፍል ቆርጧል። በዘይት ንግድ ወይም በነዳጅ ሥራ ያለፋችሁ፣ ብር ከመውጣቱ በፊት ከገዢው የትኛውን ወረቀት እንጠይቅ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።