«ማስተርስ ሥራ ያጣ ሰው መጠለያ ነው» የምትለዋ ቃል ትነሳ!

የጨሞጋ ልጅ፦
ትናንት ማታ እዚህ ግሩፓችን ላይ የተጻፈ ነገር ሲያናድደኝ አደረ። የፍኖተ ሰላሟ እህታችን 5 ዓመት ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምራ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፋ፣ የማስተርስ መግቢያውን ጋትንም አልፋ «ቴርማል (የሙቀት ዘርፉን) ልግባ፣ ማኑፋክቸሪንግ ወይስ ዲዛይን?» ብላ ጠየቀች። የቡሬው ወንድማችን የመለሰላት «ማስተርስ ሥራ ያጣ ሰው መጠለያ ነው፣ ይልቅ ብየዳ ልመጂ» ብሎ ነው። ልጅቷ መንገድ ነው የጠየቀችው። መንገድ ለጠየቀ ሰው «አትሂድ» አይባልም። እኔ ማስተርስ ስገባ ሥራ ነበረኝ። ደሞዜን ትቼ ነው የገባሁት። ስለዚህ መጠለያ የምትለዋን ቃል አንሳት።

ቡሬ ጋራዥ፦
አላነሳትም። ስትጠቅሰኝ ግን ሙሉውን ጥቀስ። እኔ ያልኩት ምን እንደሚያጠና ሳያውቅ ስለሚገባው ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት የማስተርስ ልጆች ጋራዤ ለልምምድ መጥተው ነበር። ጎበዞች ናቸው፣ ሰው አክባሪም ናቸው። ለምን ዲዛይን እንደመረጡ ስጠይቃቸው አንዱ «ቴርማል ሞልቶ ነበር» አለኝ። ሌላው «ጓደኛዬ ስለገባ» አለ። ይኼ መጠለያ ካልሆነ ምን ይባላል? ዝናብ ሲመጣብህ የቀረበህ ዛፍ ሥር ነው የምትገባው፣ ዛፍ አትመርጥም።

ጊሽ ዓባይ፦
ሁለት ልጅ አይተህ የሁላችንን ስም አነሳህ። እኔ ቴርማል ነው የተማርኩት፣ አሁን አስተምራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌክቸረር ለመሆን ሁለተኛ ዲግሪ ግድ መሆኑን ደግሞ ታውቃለህ። ማስተማር የሚፈልግ ልጅ የት ሄዶ እንዲማር ነው የምትለው?

ቡሬ ጋራዥ፦
ማስተማር የፈለገ ይማር፣ ማን ከለከለው። አንቺ ቲሲስሽን በምን ላይ ሠራሽ? የማውቃቸው የቴርማል ልጆች ግማሾቹ በእንጀራ ምጣድ ነው የሚመረቁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ምጣድ ላይ!

ጊሽ ዓባይ፦
አዎ፣ እኔም ምጣድ ነው የሠራሁት። አላፍርበትም። ቀረብ በልና አንድ ምጣድ ልብ ብለህ እየው። ሽቦው ከሸክላው ሥር በተቀረጸ ቦይ ውስጥ እየተጠመዘዘ ይተኛል። ሸክላው ወፍራም ነው፣ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። የመጀመሪያዋ እንጀራ እስክትደርስ ሩብ ሰዓት ያህል ትጠብቃለህ። እስከዚያ የሚሄደው መብራት ሁሉ ሸክላ ለማሞቅ ነው። ከሥርና ከጎን የሚያመልጠው ሙቀትም ለማንም ሳይጠቅም ይቀራል። አንዱ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ሰዓት ሲጥድ መስመሩ ላይ የሚመጣውን ጭነት አስበው። እኔ የእናቴን ምጣድ መሃሉንና ዳሩን ቴርሞካፕል በሚባል የሙቀት መለኪያ ለካሁት። ልዩነቱን እናቴ ያለ መለኪያ ታውቀዋለች፣ እጇን ከላዩ አሳልፋ ትነግርሃለች። ከሥሩ የሚወጣውን ሙቀት ለማስቀረት ምን ያህል ውፍረት ያለው መሸፈኛ እንደሚበቃ ግን እሷም አታውቅም፣ አንተም አታውቅም። እሱ ተምሮ የሚገኝ ነገር ነው። የእናቶቻችንን ዓይን በጭስ ያጠፋ ሥራ «ምጣድ» ተብሎ ሲናቅ ዝም አልልም።

ቡሬ ጋራዥ፦
ምጣድን አልናቅኩም። እናቴ እንጀራ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። የኔ ጥያቄ ያ ጥናት የት ደረሰ ነው። ያጠናሽው ምጣድ ገበያ ላይ አለ? ቢቸና ወይ አማኑኤል ሄጄ ልገዛው እችላለሁ? መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ወረቀቱም መጠለያ አገኘ ማለት ነው።

የጨሞጋ ልጅ፦
አሁንም ወደ መጠለያ ተመለስክ። ሁለት ጥያቄ አታደባልቅ። ጥናቱ ገበያ አለመድረሱ አንድ ችግር ነው፣ እኔም ያናድደኛል። መማር አያስፈልግም ማለት ግን ሌላ ነው።

የድሮው ፖሊ፦
ልጆቼ፣ ረጋ በሉ። እኔ የባሕር ዳሩን ፖሊ ቴክኒክ፣ ፖሊ የምንለውን፣ የገባሁት እናንተ ሳትወለዱ ነው። ፖሊ በሶቪየቶች እርዳታ በ1955 ሲከፈት ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱ አግሮ ሜካኒክስ ነበር። የብረታ ብረት ነበር፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የእንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪም ነበር። ስሞቹን ልብ በሏቸው። ሁሉም በሥራ ስም የተጠሩ ናቸው። ተማሪው ሲገባ ወጥቶ የሚሠራው ይታየው ነበር። ዛሬ «ሜካኒካል ሲስተም ዲዛይን» የሚል ስም ይሰጡትና ልጁ ማርሽ ይንደፍ፣ ማረሻ ይንደፍ ሳያውቅ ይገባል። አሁንም የጎጃም ገበሬ ጤፉን በበሬ ያበራያል። ለምን? የጤፍ መውቂያ ቀላል ነገር አይደለም። ፍሬው ደቃቅ ነው። ነፋሱን ካበዛኸው ፍሬው ከገለባው ጋር ይሄድብሃል፣ ካሳነስከው ገለባው አብሮ ይቀራል። የስንዴ መውቂያ አምጥተህ ወንፊቱን ብቻ ብትቀይረው አይሆንልህም። ይህን ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ የሚያጠና ልጅ ባገኝ በሬዬን ሸጬ አስተምረው ነበር።

ማርቆስ 2012፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን እዚህ ቤት ሁሉ ነገር ፖሊ፣ ሁሉ ነገር ባሕር ዳር ነው። ደብረ ማርቆስም ዩኒቨርሲቲ አለ እኮ። እኛም ሜካኒካል ተምረናል። ቤተሰቤ ማርቆስ ነው። ባሕር ዳር ሄጄ ቤት ተከራይቼ፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ታግቼ ሁለት ዓመት ልቀመጥ? ሰው የሚመርጠው አቅሙንም አይቶ ነው።

የድሮው ፖሊ፦
ልክ ነህ ልጄ፣ እኔ ስለማውቀው ቤት ተናገርኩ እንጂ የናንተን አላሳነስኩም። አንድ ነገር ልምከርህ። የትም ግባ፣ ከመግባትህ በፊት ወርክሾፑን አስከፍተህ እየው። ብረት የሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖው፣ ዘይት አለው ወይስ አቧራ ለብሷል? እሱ ይነግርሃል።

ማርቆስ 2012፦
እሱ እውነት ነው። እኔ የተማርኩበት ቦታ አንድ መሞከሪያ ማሽን ከነሳጥኑ ተቀምጦ ነው የወጣሁት። አምስት ዓመት ሙሉ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠን ሻይ ጠጥተናል። ስም አልጠራም፣ ግን ዛሬም ባየሁት ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

ተርባይን፦
ሁላችሁም መውቂያና ምጣድ ላይ ቀራችሁ፣ ትልቁን ነገር ረሳችሁት። እኔ ውሃ ማመንጫ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። እዚሁ አጠገባችን በለስ አለ፣ 4 ተርባይን፣ 460 ሜጋዋት። ጢስ ዓባይ ሁለተኛው 73 ሜጋዋት ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ 13 ተርባይን አለው፣ ሁሉም ፍራንሲስ የሚባለው ዓይነት ናቸው። እነዚህን ዕድሜ ልክ የሚጠግን ሰው ከየት ይመጣል? የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ውሃው የኛ፣ ተርባይኑ የኛ፣ ሲበላሽ የምንጠብቀው ግን የውጭ ሰው።

ለእህታችን አንድ ምሳሌ ልስጣት። የተርባይኑ ራነር (ውሃው የሚያሽከረክረው ክፍል) ላይ ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። ደቃቃ አረፋ ይሠራል። አረፋው ግፊት ያለበት ቦታ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይፈርሳል፣ ምቱም ብረቱን እየጫረ ይበላዋል። በእጅህ ስትዳስሰው ብል የበላው እንጨት ይመስላል። ካቪቴሽን የሚሉት ነው። የተበላውን በብየዳ ነው የምንሞላው፣ ስለዚህ ቡሬ ጋራዥን አልነካውም፣ ጥሩ በያጅ ወርቅ ነው። ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተበላ፣ ተርባይኑን በስንት ጭነት ብታሠራው እንደሚቀንስ ግን በያጁ አይነግርህም። እሱን ፍሉይድ (የፈሳሽ ፍሰት) የተማረ ነው የሚነግርህ። እህቴ፣ ቴርማልና ፍሉይድ ግቢ።

ሞጣ በርቀት፦
እኔ ጀርመን ነው ያለሁት። ውጭ ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። እዚህ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክፍለ አገር ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከመጣ ሰው በሴሚስተር 1500 ዩሮ ይወስዳል። ነጻ ነው ሲሏችሁ ግን የዝግ ሂሳቡን አትርሱ። ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ ባንክ ማስገባትህን ወይም ስኮላርሺፕና የመሳሰለ ማስረጃ ካላሳየህ ቪዛ አይሰጡህም። አባቴ መሬት ሸጦ ይላክልኝ ለሚል ልጅ ይሄን አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ስትሪም (የጥናት ዘርፍ) ምርጫ ላይ ደግሞ «ተርባይን» ያለውን እደግፋለሁ። አውቶሞቲቭ ብቻ እንዳትገባ።

ማርቆስ 2012፦
ለምን? እኔ አውቶሞቲቭ ነው የማስበው።

ሞጣ በርቀት፦
በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል እኮ። ሞተር ተምረህ ሞተር የሌለው መኪና ሊጠብቅህ ነው።

ቡሬ ጋራዥ፦
እዚህ ላይ ተሳስተሃል፣ እንጀራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። በ2016 የተከለከለው የቤት መኪና ነው። እህል የሚጭነው አይሱዙ፣ ትራክተሩ፣ አውቶቡሱ አሁንም ናፍጣ ነው። የዓባይን በረሃ የሚወጣው ቦቴ ገና ብዙ ዓመት ናፍጣውን ያቃጥላል። የኤሌክትሪኩም ቢሆን ፍሬን አለው፣ መሪ አለው፣ ዘንግ የሚሸከም ኩሽኔታ አለው።

ጊሽ ዓባይ፦
ባትሪውም መቀዝቀዝ አለበት፣ እሱም ቴርማል ነው። ቡሬ ጋራዥ፣ እንዳየሁት አንተም የመማርን ነገር አትጠላም። ቃሉን ብታነሳው ምናለበት?

ቡሬ ጋራዥ፦
ቃሉ ይቆይ። የጠየቀችው ልጅ ራሷ ትናገር። ሁላችንም እየተጯጯህን እሷ ዝም አለች።

ፍኖተ ሰላም፦
እያነበብኩ ነው። ትናንት ሳነበው አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ለምን እንደጠየቅኩ ልንገራችሁ። አባቴ ወፍጮ ቤት አለው። ተመርቄ ስመጣ ቤት ቁጭ አልኩ፣ ከዚያ እሱን መርዳት ጀመርኩ። በዋናው ዘንግ ላይ ያለው ኩሽኔታ በየሦስት ወሩ ይሄዳል። ወፍጮውን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ቀበቶ፣ በቺንጋው፣ በኩል ያለው ብቻ ነው የሚሄደው፣ ሌላው ዓመት አልፎታል። አባቴ «ዕቃው የውሸት ስለሆነ ነው» ይላል። እኔ ጠዋት ጠዋት ሲያጠብቀው አየዋለሁ። ቺንጋው እንዳይንሸራተት ብሎ እንደ ክራር አውታር ይወጥረዋል። ግራሶ ይጨምራል፣ ማታ ስነካው ግን ኩሽኔታው የተቀመጠበት ብረት እጅ ያቃጥላል። ኩሽኔታው የውሸት ሳይሆን የተሸከመው የበዛበት ይመስለኛል። ግን እንዴት አድርጌ እንደማሳየው አላውቅም። አምስት ዓመት ተምሬ አባቴን ማሳመን አቃተኝ። ይሄን የሚያስተምረኝ የትኛው ነው ብዬ ነው የጠየቅኩት።

የጨሞጋ ልጅ፦
ይሄው! መጠለያ ፈላጊ ነች ያልካት ልጅ ይቺ ናት። እህቴ፣ ዲዛይን ነው ያንቺ። የባለ ኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ ጭነቱ ሲጨምር በጭነቱ ኪዩብ (ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ነው የሚወርደው። ጭነቱን እጥፍ ብታደርጊው ዕድሜው ግማሽ አይሆንም፣ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሁለት ዓመት መቆየት የሚገባው በሦስት ወር አለቀ ማለት ለዚህ ነው። ለአባትሽ ይህን አስልተሽ አሳዪው።

ቡሬ ጋራዥ፦
አባቷ ስሌት አያምኑም። እኔም አላምንም ነበር። ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፣ ትንሽ መርገብ አለበት። ከዚያ ቺንጋው ከሚዞርበት ጎማ፣ ከአንዱ ፑሊ፣ እስከ ሌላው ሲባጎ ወጥሪ። ሲባጎው በሁለቱም ፑሊ ጠርዝ ላይ እኩል ካላረፈ ፑሊዎቹ አልገጠሙም። አባትሽን ጠርተሽ በዓይናቸው አሳዪአቸው። ይሄ ማስተርስ አያስፈልገውም።

ተርባይን፦
ሲባጎው የፑሊዎቹን አለመግጠም ይነግራታል። ዘንጉ የተጣመመ እንደሆነስ? ንዝረቱስ?

ቡሬ ጋራዥ፦
ዘንጉ ከተጣመመ ቶርኖ ላይ አስረን እናየዋለን፣ ይዛው ትምጣ፣ አንድ ብር አልቀበልም። እህቴ፣ ትናንት ስላስለቀስኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቃሉን ላንቺ አነሳሁ። ለጨሞጋ ልጅ ግን አላነሳሁም።

የጨሞጋ ልጅ፦
ለሷ ካነሳህ ለሁላችንም ማንሳት አለብህ።

ጊሽ ዓባይ፦
እናንተ ቀጥሉ። ፍኖተ ሰላም፣ ምዝገባው እንዳያመልጥሽ ቀኑን አረጋግጪ። ኩሽኔታው ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው?

ፍኖተ ሰላም፦
6312 ይላል መሰለኝ። ስለጠቆረ በደንብ አይነበብም።

ቡሬ ጋራዥ፦
12 ከሆነ ዘንጉ 60 ሚሊ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በ5 አባዢ።

የጨሞጋ ልጅ፦
ከ04 ጀምሮ ላሉት ነው በ5 የሚባዛው። በደንብ ንገራት።

ቡሬ ጋራዥ፦
12 ከ04 አይበልጥም እንዴ?

ፍኖተ ሰላም፦
ነገ ጠዋት እህል ሳይመጣ ጠርጌ አይቼው ፎቶ አነሳላችኋለሁ። ሲባጎም ይዤ እሄዳለሁ።