ከወልድያ ላሊበላ በእግር፦ የአንድ ቀን ውሎ ምን ይመስላል?

ወልድዬዋ፦
ሰላም ለቤቱ። ዘንድሮ ለገና ከአክስቴ ጋር ከወልድያ ላሊበላ በእግር ልንሄድ ነው። እሷ ስለት አለባት። እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ፤ ታክሲ እንጂ ዳገት አላውቅም። መንገዱን በእግሩ የሄደ ሰው የአንድ ቀን ውሎ ቢነግረኝ። ስንት ሰዓት ይነሳል? የት ይታደራል? አክስቴ ነቢያትን የምትጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እሱም አሳስቦኛል። ለመንገዱ አዲስ ስኒከር ገዝቻለሁ።

ባለ በረባሶው፦
እህቴ፣ ስኒከሩን ለሠርግ አስቀምጪው። አዲስ ጫማ ገና መንገድ ላይ ያለችው ድልብ ሳትደርሺ እግርሽን ውሃ ያስቋጥረዋል። የለመድሽውን አድርጊ። እኔ በበረባሶ ነው የምሄደው፣ አንቺ ግን እንዳትሞክሪው፤ ተረከዙ ያልደነደነ ሰው ጎማው ይልጠዋል።

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ "ተነሱ" ይባላል። ታኅሣሥ ስለሆነ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤ ጣትሽ የጫማ ክር መቋጠር ያቅተዋል። ጋቢ ያስፈልግሻል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ጋቢው ራሱ ሸክም ነው። መንገድ የሚገፋው ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላ ፈልጎ ጋደም፣ ዘጠኝ ላይ በሶ በጥብጦ ጠጥቶ እስኪመሽ መሄድ ነው።

ሰው ዳገቱን ይፈራል። ከሳንቃ ወደ ድልብ ያለው ያለፋል፣ አልዋሽሽም። ግን ዳገት የሚወስደው ትንፋሽ ነው፤ ቆም ብለሽ ትመልሺዋለሽ። እግር የሚጨርሰው ቁልቁለት ነው። ጣትሽ ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍርሽ ይጠቁራል። ሳትነሺ ጥፍርሽን ቁረጪ፣ ቁልቁለት ስትጀምሪ ክሩን ጥብቅ አርጊው። ዱላም ያዢ። የሽማግሌ ነው ብለሽ አትፈሪ።

ማደሪያ አያሳስብሽ። ሲመሽ "ቤቶች! የመሸብን ተሳላሚዎች ነን" ማለት ነው። ሳንቃ አካባቢ አንዴ ያሳደሩን እናት ሙስሊም ነበሩ። ወተት ሊቀዱልን ብድግ አሉና "ውይ፣ ጾም ናችሁ ለካ!" ብለው ቅሉን መለሱት። ንፍሮ ቀቀሉልን፣ ቡናውን እስከ በረካ አጠጡን፣ ጠዋት ዱዓ አድርገው ሸኙን። ብር ብናወጣ ተቆጡ። ስኳር ወይ ቡና ቋጥረሽ ሂጂ፣ እሱን አይመልሱም።

የሐይቋ፦
ባለ በረባሶው የጾሙን ነገር አቅልሎታል። ከሌሊት አሥር እስከ ቀን ዘጠኝ ያለ ውሃ መሄድ ለወጣትም ከባድ ነው። አክስትሽ ስኳር ወይ ደም ግፊት ካለባቸው ሐኪም ይጠይቁ፣ የነፍስ አባታቸውንም አስቀድመው ያማክሩ። አባቶች የሰውን አቅም አይተው ነው የሚያዙት። አንቺም ሃይላንዱን ውሃ ባገኘሽበት ሁሉ ሙይ። "ወደፊት እናገኛለን" እያሉ ባዶ ይዘው የሚሄዱትን አትስሚ።

የሮሃ ልጅ፦
እዚህ ላሊበላ ስትደርሱ እግራችሁን እናጥባለን። ወጣቱ ሳፋና ውሃ ይዞ ነው የሚጠብቃችሁ። "ተው፣ ይሸታል" ብትይም የሚሰማሽ የለም፤ ውሃ የቋጠረውን ቦታ ብቻ ቀድመሽ ንገሪን።

ደግሞ በዋዜማው ማታ እንዳትደርሱ። ታኅሣሥ 29 ልደቱም የቅዱስ ላሊበላም ልደት ነው፣ ከተማው መቆሚያ የለውም። የገናውን ዝማሬ፣ ቤዛ ኩሉን፣ ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ሲቀባበሉት ማየት ከፈለጋችሁ፣ ቀደም ብላችሁ ግቡና አንድ ሌሊት በደንብ ተኙ። ደክሞት የደረሰ ሰው ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ ሲወስደው በየዓመቱ አያለሁ።

ወልድዬዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ለአክስቴ አነበብኩላት። ዱላውን ተስማምታለች፣ ስለ ሐኪሙ ሲሆን ወሬ ቀየረች። ስኒከሩንስ ከአሁኑ ላለማምደው ወይስ ይቅር?

ባለ በረባሶው፦
ጊዜ ካለሽ አለማምጂው። በየቀኑ የቢሮሽን ደረጃ ውረጂበት። መውጣቱን ሊፍቱ ያውጣሽ።