ያገለገለ የናፍጣ መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ

ቢኤምደብሊው 520ዲ፣ መርሴዲስ ኢ220፣ አውዲ ኤ6። ዋጋቸው ወረድ ሲል ብዙዎቻችን ዓይናችንን የምንጥለው እነዚህ ላይ ነው። ለረጅም መንገድ ግሩም መኪኖች ናቸው። ሥራችሁ ቅርብ ከሆነና ልጅ አድርሳችሁ የምትመለሱ ከሆነ ግን ናፍጣውን ተዉት፤ ቤንዚን ወይም ሃይብሪድ ፈልጉ።

ምክንያቱ የጭስ ማጣሪያው ነው። ጥላሸቱን ያጠራቅምና በ600 ዲግሪ ገደማ ያቃጥለዋል። ለዚህ ደግሞ መኪናው ሳይቆራረጥ መሮጥ አለበት። በአጭር ጉዞ ማቃጠሉ እየተቋረጠ ማጣሪያው ይደፈናል፤ ያልነደደው ናፍጣም ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። ስለዚህ የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ እዩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ነገሩ ግልጽ ነው። ጣታችሁንም የጭስ ማውጫው አፍ ውስጥ አዙሩት። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይ አውጥተው ጥለውታል።

ከሁሉም በላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ሲነሣ ስሙት። ሻጩን ቀድማችሁ «እስክመጣ እንዳታስነሣው» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን በጠዋት ተመለሱ፤ ሰበብ ካበዛ እለፉት። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 አካባቢ የተሠራው የቢኤምደብሊው ባለ 2 ሊትር ናፍጣ፣ ኤን47 የሚባለው፣ በታይሚንግ ቼን (የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች እኩል የሚያስኬደው ሰንሰለት) ችግር የታወቀ ነው። ሰንሰለቱ ያለው ከሞተሩ ኋላ፣ በካምቢዮው በኩል ነው። ሲላላ ከዚያው በኩል ብረት ከብረት የሚፋተግ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ለመቀየር ብዙ ነገር መውረድ ስላለበት የእጅ ዋጋው ከዕቃው ይበልጣል። ከተበጠሰ ደግሞ ሞተሩ አለቀለት። «ናፍጣ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጮኸው» የሚላችሁን እባካችሁ አትመኑ።

መርሴዲስ ከሆነ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 የወጣው ኢ220 ሲዲአይ፣ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮቹ መቀየራቸውን በወረቀት ጠይቁ። አድብሉ (ጭሱን ለማጽዳት የሚጨመር ፈሳሽ) የሚጠቀሙት አዳዲሶቹ ላይ ማስጠንቀቂያ መብራት ካለ ከመክፈላችሁ በፊት በኮምፒውተር አስመርምሩ።

ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው ተብሎ ብቻ አይገዛም። የመኪናው ኮምፒውተር እስኪጠይቅ እየተጠበቀ በየ30 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት ከተቀየረለት ይልቅ፣ ብዙ ሄዶም በየ15 ሺሁ የተቀየረለትን እመርጣለሁ።