ከሞረድኩ በኋላ ምላጭ የማመላልስበት ቆዳ የታጣፊ ምላጬን ስለት ለምን ያደነዝዘዋል?

ሰላም፣ ከኮተቤ ነው የምጽፈው፤ ፀጉር አስተካካዮች እባካችሁ እርዱኝ። ታጣፊ ምላጬን በ1000፣ በ4000 ከዚያም በ8000 ቁጥር የውሃ ድንጋይ (በውሃ እየረጠበ የሚሞርድ፣ ቁጥሩ ሲጨምር የሚልም መሞረጃ) ላይ፣ ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን እየነኩ፣ ስለቱን ወደ ፊት አድርጌ ሞረድኩት። ከ8000ው ሲነሳ የክንድ ፀጉር ይቆርጣል። ቆዳው ላይ ጀርባውን ወደ ፊት አድርጌ 50 ጊዜ ሳመላልሰው ግን ጢም ይጎትታል እንጂ አይላጭም፤ ጫፉ ደግሞ ከመሃሉ ይብሳል። ቆዳው መሃሉ ላይ ይረግባል፤ ጫን ስለው ወደ ላይ ተነስቶ ስለቱን የሚያዶለዱመው ይመስለኛል። አሁን ቆዳውን አጥብቄ ወጥሬ፣ በምላጩ ክብደት ብቻ ባመላልሰው ይመለሳል? ወይስ ቆዳ የዶለዶመ ስለት አያነሳምና እንደገና 8000ው ላይ ልሙረደው? ስንት ምልልስ ይበቃዋል? ምናልባት ጥፋቱ የቆዳው ሳይሆን በ1000ው ጊዜ የስለቱ ሁለት ጎኖች የምላጩ ጫፍ አካባቢ ሳይገናኙ ቀርተው ከሆነስ፣ በምን ልለየው?