መብራት በሚጠፋበት ቤተ ሙከራ (ላብ) እርሾ እንዴት ይቆያል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከገበሬ ጎተራ ካመጣሁት በቆሎ አንድ እርሾ ለየሁ። ከሻጋታ ጋር አንድ ሳህን ላይ ሳሳድገው ሻጋታው አጠገቡ አይደርስም። ክዳኑን ስከፍት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸተኛል። ሴሎቹን ከቅዝቃዜ ጉዳት በሚጠብቅ ፈሳሽ፣ በግሊሰሮል፣ አድርጌ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ባለፈው ወር መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፤ ቀልጦ መልሶ በረደ። ከስድስት ቱቦ የበቀለችው አንዷ ብቻ ናት። በበረዶ ማድረቂያ ማሽን የለንም። እባካችሁ፣ የአንድ ዓመት ልፋቴ ነው።

የላብ ሰው፦ አይዞሽ እህቴ፣ አንዷ ከበቀለች አልጠፋም። ዛሬውኑ አባዢው። አጋር (ጄል የሚመስል ማሳደጊያ) ላይ ሦስት ቀን አሳድጊና በንጹሕ መርፌ ፍቀሽ፣ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) በተቀቀለ 2 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ውስጥ በጥብጪው። ክዳኑን አጥብቀሽ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ። መብራት አይፈልግም። ብዙ እርሾ በዚህ መንገድ ከዓመት በላይ ይቆያል። ሁሉንም ግን አንድ ክፍል አታስቀምጪ፤ ሁለት ቱቦ ሌላ ላብ ላለ ጓደኛ ስጪ። በየወሩ ከሳህን ወደ ሳህን እያዛወሩ ማቆየት ግን አልወድም፤ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል።

ከኡፕሳላ፦ ሽታው ኢታይል አሲቴት የሚባል፣ እርሾ የሚያወጣው ተናኝ ኬሚካል ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ስዊድን ለዓመታት የተጠናው ዊከርሃሞማይሰስ አኖማለስ የሚባል እርሾ (ድሮ ፒኪያ አኖማላ ይባል የነበረው) ሻጋታን የሚገታው በዋናነት በዚህ ኬሚካል ነው። የተሞከረው አየር በማይገባበት ማከማቻ ባለ እርጥብ እህል ላይ ነው፣ በተለይ ለከብት መኖ። ያንቺም ይኸው እርሾ መሆኑን በዘረመል አረጋግጪ፤ ደካማ ሰው ላይ ኢንፌክሽን ያስከተለበት ጊዜ አለና በጥንቃቄ ያዢው።

ለማድረቅ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር) ሞክሪ። በምድጃ አምክኚው፣ ከዚያ በበረዶ ላይ አቀዝቅዢው። ውኃ ሲነካው ስለሚሞቅ ካልቀዘቀዘ ሴሎቹን ይገድላል። እርሾውን ቅባት በወጣለት ወተት በጥብጠሽ ጠብ ጠብ አድርጊበት። ማደጉን ጨርሶ የቆመ እርሾ መድረቅን የበለጠ ይችላል፣ ገና እየተባዛ ያለውን አትውሰጂ። ከመድረቁ በፊትና ከሳምንት በኋላ በሕይወት ያሉትን ሴሎች ቁጠሪ።

የግብርና ባለሙያ፦ ሥራሽ ደስ ይላል። ግን ለገበሬው ገና «እርሾ እርጩ» እንዳትይ። ለሰው የሚበላ በቆሎ መጀመሪያ መድረቅ አለበት፣ ወደ 13 በመቶ እርጥበት። እኔ ደረቅ ጨውና ፍሬውን ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ እነቀንቃለሁ። ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ ገና ነው። ከደረቀ በኋላ አየር የማያስገባ ከረጢት ይበቃዋል። አፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) አንዴ ከገባ ማጠብም መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ አሥር ቱቦ በውኃ አዘጋጀሁ፤ ሦስቱን ነገ ጓደኛዬ ትወስዳለች። ሲሊካውን ሰኞ እጀምራለሁ። ለገበሬዎቹም የጨው ጠርሙሱን ይዤላቸው እሄዳለሁ።